የዱባው ቀለም

«ዓይንሽ ነው፣ እማ።»

ልጅዋ ይህን ያለችው ቀና ብላ እንኳ ሳታይ ነው። ወለሉ ላይ ተንበርክካ የትንሽ ልጇን የጫማ ክር እያሰረች ነበር። አጣቢዋ እናቷ ደግሞ ከክፍሉ ማዶ፣ በልጅቷ አልጋና በግድግዳው መካከል ባለችው ጠባብ ክፍተት ግማሽ ፊቷን አስገብታ፣ አንዱን ዓይኗን ጨፍና በሌላው ታፈጣለች። ጉንጯ ግድግዳውን ሊነካ ሲቃረብ ዘገነናትና ሽምቅቅ ብላ ተመለሰች።

«ዓይኔ አይደለም። ከነጩ ሥር እየመጣ ነው። አመድማ አረንጓዴ ነው፤ ጠርዙ ላይ ደግሞ ይጠቁራል።»

«እማ፣ ግድግዳው ነጭ ነው። በቅርቡ አይደል እንዴ የተቀባው? ነጭ!»

«አልጋውን ሳቢና ጎንበስ ብለሽ እዪዋ።»

«ዛሬ ያንቺ ቀን ነው። ዛሬን እንኳ ተይን፣ በሞቴ።»

በዚህ ቤት ከሰሞኑ ሁሉም ነገር ዓይኗ ሆኗል። የአማቿ ሸሚዝ አንገቱ ላይ አልጠራም ብትል፣ ዓይንሽ ነው። የመስታወቱ ጥግ በጣት አሻራ ተለቅልቋል ብትል፣ ዓይንሽ ነው። አንድ ጠዋት ወተቱ ኮምጥጧል፣ ሸቶኛል ብትል እንኳ ዓይንሽ ነው ተብላለች፤ ያን ዕለት «እኔ በዓይኔ አላሸትም፣ ልጄ» ብላ መልሳለች።

ነገሩ ግን ተቃራኒው ነበር። ዓይኗ የታመመው ድሮ ነው። ያኔ ሁሉንም ነገር እንደ አሮጌ ሻሽ ቢጫ አድርጎ ሲያሳያት ማንም ምንም ብሏት አያውቅም፤ እሷም ዓለም ከሷ ጋር አብሮ ያረጀ መስሏት ችላ ብላ ኖረች። ሐኪሙ ሞራውን ገፎ ፋሻውን የፈታላት ቀን ነው ጉዱ የፈላው። ዓለም ታጥቦ የተሰጣ መሰላት። የመንገዱ ሰማያዊ በር፣ የነርሷ ከንፈር፣ የገዛ እጇ ደም ሥር ሁሉ አፍጥጠው መጡባት። ሐኪሙ ብርሃኗን መለሰላት፤ ከብርሃኑ ጋር ቆሻሻውን ሁሉ አብሮ መለሰላት። በንጽሕናዋ ስትኩራራ የኖረችበት ቤት ጥግ ጥጉ ላይ ምን እንደሚመስል አይታ፣ ያን ሌሊት ራት አልወረደላትም።

ትንሿ ልጅ ሳለች። ደረቅ፣ አጭር ሳል ነው፤ እንደለመደችው ሁሉ በእጇ ጀርባ አፏን ጠረገች። አጣቢዋ ልጅዋን አየቻት። ልጅዋ ክሩን እየቋጠረች ነበር።

«ብርድ ነው» አለች ልጅዋ፣ ማንም ሳይጠይቃት።

ግድግዳውን የቀባው አማቿ ነው። «ሻግቷል» ብላ ስትነዘንዘው ጊዜ አንድ ቆርቆሮ ነጭ ቀለም ገዝቶ መጥቶ፣ ሳይፍቅ፣ ሳያደርቅ፣ እላዩ ላይ ለቀለቀው። «ይኸው፣ እማማ፤ ሰርግ ቤት አስመሰልኩልዎ» አላት። እሷ ዕድሜዋን የሆስፒታል አንሶላ ስታጥብ የፈጀች ሴት ናት። መግል የነካውን ጨርቅ ሳያጥቡ አጣጥፎ መደርደሪያ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው ባየች ጊዜ የሚሰማትን ያህል ነው ያኔ የቀፈፋት። ፊደል አልቆጠረችም፤ ይህንንም ሰው ሳይላት ቀድማ ራሷ ነው የምትናገረው። አፏ ግን ለማንም አይመለስም፤ ያን ቀን ብቻ፣ ቤቱ የእሱ ነውና፣ ዋጥ አደረገችው። የዋጠችው ግን አልወረደም፤ እስከ ዛሬ ጉሮሮዋ ላይ አለ።

«እኔ ልቅደም» አለችና ቦርሳዋን አነሳች። «የሥዕል ማሳያው ላይ ሰው ሳይበዛ ሥዕሌን ልየው።»

«እኛም ወዲያው እንደርሳለን። እማ…» ልጅዋ ተነስታ የእናቷን አንገትጌ አስተካከለችላት። «እዚያ ስትደርሺ ደግሞ ሰው አትቆጪ፣ እሺ?»

*

የሥዕል ትምህርቱ የሚሰጠው በሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት ነው። ያስመዘገበቻት ልጅዋ ናት፤ «ዓይንሽም ይለማመዳል፣ አንቺም ከግድግዳው ጋር ከመጣላት ታርፊያለሽ» ብላ። ምድር ቤቱ መስኮት የለውም። ደረጃውን ስትወርድ የረጠበ ወረቀት፣ የሰው ካፖርትና የአኳራጅ ሽታ ተደባልቆ ይቀበላታል፤ ቀለም ማቅጠኛው አኳራጅ አናት ላይ ወጥቶ እንደ መዶሻ ይመታል። የመጀመሪያውን ቀን መሐረቧን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ነበር የተቀመጠችው።

መምህሩ ጢሙን በቀጭኑ የሚከረከም፣ ጸጉሩን ሽቶ ባለው ቅባት የሚለቀልቅ ሰው ነው። ሲያስብ የብሩሽ እጀታ ያኝካል። ሁሉም እጀታ ላይ ጥርሱ ታትሟል፤ ያንኑ ብሩሽ መልሶ ለተማሪ ይሰጣል። አጣቢዋ የመጀመሪያውን ብሩሽ የተቀበለችው በሁለት ጣቷ፣ ጅራቱን እንደተያዘ አይጥ አንጠልጥላ ነው።

ያን ቀን ጠረጴዛ ላይ ነጭ ጨርቅ አነጠፈና አንድ የመዳብ ማንቆርቆሪያ፣ አንድ ሰማያዊ ጠርሙስ፣ አንድ ሎሚና ለሁለት የተከፈለ ዱባ ግማሹን፣ ፍሬው እንዳለ፣ ወደ ተማሪዎቹ አዙሮ አስቀመጠ። በያንዳንዱ ዙሪያ ጨርቁ ላይ በጠመኔ መስመር አሰመረ።

«ይህን ማንም አይነካም» አለ። «መጀመሪያ በእርሳስ፣ ቀጥሎ በቀለም እርሳስ፣ ከዚያ በውሃ ቀለም፣ ከዚያ በጠመኔ መሰሉ ቀለም በፓስቴል፣ መጨረሻ በዘይት ቀለም እንስለዋለን። ዕቃው አይለወጥም። የሚለወጠው እጃችን ላይ ያለው ነገር ነው። እንዲህ ነው ቀለምን የምታውቁት።»

ለሁሉም የቀለም እርሳስ ካደለ በኋላ እሷ ዘንድ ሲደርስ ቆም አለ። ልጅዋ ስለ ቀዶ ጥገናው ስልክ ደውላ ነግራዋለች። ከመሳቢያ ሕፃናት የሚሞነጫጭሩበትን ወፍራም የሰም ቀለም አውጥቶ «ለእርስዎ ይህ ይቀልዎታል» አላት፣ ለደንቆሮ እንደሚናገር ድምፁን ከፍ አድርጎ።

«የሚጠባ ልጅ ካለህ ለሱ ስጠው» አለችና እጇን ለቀለም እርሳሱ ዘረጋች።

አጠገቧ የተቀመጠው ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ሳቁን አፍኖ ትን አለው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሾፌሩ ወዳጇ ሆነ፤ ወዳጅነቱ ግን መላከፍ ነው። የቅጽል ስሟንም ያወጣው እሱ ነው። ብሩሾቹ የሚነከሩበት ማሰሮ ውስጥ ያለው ጥቁር ዝቃጭ ቢያቅለሸልሻት ጊዜ፣ አንድ ቀን ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ ብሩሾቹን በሙሉ ሰብስባ በረኪና ውስጥ ዘፈዘፈቻቸው። በሚቀጥለው ሳምንት ተማሪው ብሩሹን አንስቶ ቀለም ሲነክር፣ ጸጉሩ እንደ ታመመ ዶሮ ላባ እየተነቀለ ወረቀቱ ላይ ቀረ። መምህሩ ራሱን ይዞ ጮኸ። ሾፌሩ መላጣ ብሩሹን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ አየና «እትዬ በረኪና!» አለ። «በነካ እጅዎ እኔንም ቢዘፈዝፉኝ ምናለ?» ስሙ ተለጠፈባት። ብሩሾቹ ላይ ጥፋቷን አመነች፤ ይቅርታ ግን አልጠየቀች፤ ንጹሕ ነበሩና።

መሳሉ እንዳሰበችው የቅንጦት ሥራ አልሆነም። የቀለም እርሳስ ትዕግሥት ነበር። ቀለምን በቀለም ላይ በስሱ እየደረቡ መሄድ ነው፤ ከመጀመሪያው ተጭነሽ ከያዝሽው ወረቀቱ በሰሙ ያብረቀርቅና ሌላ ቀለም አልቀበልም ይላል። የውሃ ቀለም ግን ጉድ ሠራት። ውሃ የሷ መስሏት ነበር። ውሃ ማለት ለሷ እድፍን ይዞ የሚሄድ ነገር ነው፤ እዚህ ግን ውሃው ቀለሙን ይዞ ይመጣና ራሱ ሲደርቅ ጠርዙ ላይ ክብ ትቶ ይሄዳል። ዕድሜ ልኳን እድፍ ስታስለቅቅ የኖረች ሴት እድፍ ማስቀመጥ ተማሪ ተባለች። አፍራ፣ ተናድዳ፣ ሦስት ወረቀት ተራ በተራ ቀደደች። አራተኛው ላይ እጇን ለቀቅ አድርጋ ውሃውን ዝም ብላ አየችው፤ በዱባው ልጣጭ ላይ ብርቱካናማው ወደ ቡናማ ፈሰሰ፣ ቆመ። ልክ እንደዚያው ነበር።

ልክ እንደዚያው ነበር፤ ዱባው መበላሸት ጀምሮ ነበርና። ምድር ቤቱ እርጥበት ነው። ፍሬዎቹ የሚዝለገለግ ነገር አወጡ፤ የተቆረጠው ጠርዝ ወደ ውስጥ ተኮማተረ። ሎሚው በአንድ ጎኑ አረንጓዴ ዱቄት ለበሰ። ተማሪዎቹ በየሳምንቱ መቀመጫቸውን ትንሽ ትንሽ ወደ ኋላ ይስባሉ። አንዷ መሐረቧን ሽቶ ነክራ ትመጣለች። «መምህር፣ ይህ ነገር ይጣል እንጂ» ሲሉት ከበሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛው ሳይነሳ «ዕቃው አይነካም አላልኩም?» ይላል። ዞሮም አያየው። ስለ ብርሃንና ስለ ጥላ ይናገራል፣ እጀታ ያኝካል። ስለዚህ ተማሪዎቹ መላ ፈጠሩ፤ ዱባውን ማየት ትተው የመጀመሪያውን ሥዕላቸውን ፊታቸው አስቀምጠው ከሱ መገልበጥ ያዙ። በሾፌሩ ወረቀት ላይ ዱባው ዛሬም ከገበያ እንደመጣ ነው።

አጣቢዋ ብቻ መቀመጫዋን ወደ ፊት ሳበች።

ተጸይፋ ነው የሳበችው። የዱባው ሆድ ውስጥ አንድ ጠዋት ያየችው ነገር ግን አላስቀምጥ አላት፤ ለስላሳ፣ ጸጉር ያለው፣ አመድማ አረንጓዴ፣ ጠርዙ ላይ የሚጠቁር። የት እንደምታውቀው ወዲያው አወቀች። ከትንሿ ልጅ ትራስ ጀርባ ያለው ነው።

ፓስቴል የተማሩት በዚያ ሰሞን ነው። የፓስቴሉ ዱቄት ጥፍሯ ሥር ይገባል፣ አፍንጫዋ ውስጥ ይገባል፣ በሳሙናም አይለቅም፤ ጠልታው ነበር። ግራጫውን በአረንጓዴው ላይ በጣቷ ጫፍ ስታሸው ግን ወረቀቱ ላይ ሻጋታ በቀለ። የሳለችው ሳይሆን የበቀለ ነው የመሰላት። እጇን ከወረቀቱ ላይ አሽቀንጥራ አነሳች፤ ከዚያ ቆይታ፣ ቀስ ብላ መልሳ አስቀመጠችው። ይህን ቀለም በሸራ ላይ፣ ሁሉም ሰው ሊያየው በሚችል ቦታ፣ በዘይት ቀለም አድርጋ ካስቀመጠችው፣ ከእንግዲህ ማንም ዓይንሽ ነው ሊላት አይችልም። ያን ጊዜ ልጅዋን እጇን ይዛ ወስዳ፣ አልጋውን ስባ፣ «ይኸው ያ ቀለም» ትላታለች። ሌላ ምንም አልፈለገችም። ሰዓሊ ልሁን አላለች።

ዘይት ቀለሙን የወደደችው በዚህ ነው። ቶሎ አይደርቅም። የተሳሳተውን በጨርቅና በአኳራጅ ጠርገሽ እንደገና ትጀምሪያለሽ። አረንጓዴውን ከቢጫ፣ ከሰማያዊ፣ ከትንሽ ጥቁር መቀመሙ ብዙ ቀን አለፋት፤ አንዴ ሣር ይሆናል፣ አንዴ የወታደር ካፖርት ይሆናል። መጨረሻ ላይ የማንቆርቆሪያውን ቀይ ቡናማ በብሩሽ ጫፍ ብትጨምርበት ጊዜ አረንጓዴው ሞተ፤ አመድማ ሆነ። ያ ነው። በጠራራ ፀሐይ ባየችው የምትጸየፈው ያ ቀለም ነው። የዛሬ ሳምንት ጨረሰችው፤ ከጨረሰችም በኋላ ወጥታ እጇን እስከ ክርኗ ታጠበች።

*

ዛሬ ደረጃውን ስትወርድ ሽታው የለም። በምትኩ የአበባ ሽታ ተረጭቷል፤ የሚያንቅ፣ የሽንት ቤት ዓይነት አበባ። መብራቶቹ ሁሉ በርተዋል። ሰው ከጠበቀችው በላይ ቀድሟታል፤ ወላጅ፣ ጎረቤት፣ ከላይ ከቤተ መጻሕፍቱ የወረደ አንባቢ። መሃል ላይ ጠረጴዛው አለ። ጨርቁ ተቀይሮ አዲስ ነጭ ሆኗል፤ ማንቆርቆሪያው ተወልውሏል፤ ሎሚው ቢጫ ነው። ዱባውም ደማቅ ብርቱካናማ፣ ዛሬ ጠዋት የተቆረጠ፣ ጠል ያለበት። የጠመኔው መስመር እንኳ አዲስ ተሰምሯል።

ወደ ግድግዳው ዞረች፤ ሥዕሎቹን በዓይኗ አንድ በአንድ አለፈች። ስሟን መለየት ትችላለችና ከስሟ በላይ ያለውን ሸራ አገኘችው።

ዱባው ብርቱካናማ ነበር።

ማንቆርቆሪያው የሷ ነው። ጠርሙሱ የሷ ነው፤ አንገቱ ላይ ያጣመመችው እንኳ እንዳለ ነው። ዱባው ላይ ግን፣ ከሆዱ እስከ ልጣጩ፣ ሌላ እጅ ወፍራም ብርቱካናማ ለብጦበታል። ፍሬዎቹ አንድ በአንድ ተለቅመው ተደርድረዋል። ትከሻው ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ ተቀምጣለች፤ እንዲያብረቀርቅ። ቅባት የተቀባ ግንባር ይመስላል። ተጠግታ አሸተተችው፤ ዘይቱ ትኩስ ነው። የሷ አረንጓዴ ከዚያ ሥር ነው ያለው። ከነነፍሱ።

ያን ዱባ ሲበሰብስ ስንት ሳምንት ፊት ለፊቱ ተቀምጣ እንዲህ አልተጸየፈችም።

«እትዬ በረኪና!» ሾፌሩ ከኋላዋ መጣ፤ ክራቫት አስሯል። «ጉድ ሠሩን እኮ! እኛ ስንት ጊዜ ስንፈጋ፣ እርስዎ ዝም ብለው አድብተው… ይኸው ሰው ሁሉ እዚህ ጋ ነው የሚቆመው።»

እውነቱን ነው፣ እዚያ ጋ ነው የሚቆሙት። አንዲት የማታውቃት ሴት ትከሻዋን አቀፍ አድርጋ «እርስዎ ነዎት? በዚህ ዕድሜዎ? እጅዎን ይባርከው» አለቻት። አንድ ሽማግሌ መነጽሩን አውልቆ ከጠረጴዛው ዱባ ወደ ሸራው፣ ከሸራው ወደ ዱባው እያማተረ «ቁርጥ እሱን!» አለ። ምስጋናው አጣቢዋን ጣፍጧት ነበር። በሕይወቷ ሰው ተሰልፎ እሷን አመስግኖ አያውቅም፤ ስንት ሺህ አንሶላ አንጥታ ስትሰጥ አንድ ሐኪም እንኳ ማን ነው ያጠበው ብሎ አልጠየቀም። ጣፍጧት ቆመች። ጣዕሙ ግን ሌላ ሰው ጠብቶ ከአፉ ያወጣው ከረሜላ ጣዕም ነበር፤ ምላሷ ላይ ይሟሟል፣ ትውጠውም ዘንድ ይዘገንናታል።

«እማ!»

ልጅዋ በሰዎቹ መሃል እየተሹለከለከች ደረሰች፤ ትንሿን በእጇ ይዛለች። ሸራውን ስታይ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ልጅዋ ፋርማሲ ውስጥ ቆማ የምትውል፣ የደከማት፣ ቶሎ የማታለቅስ ሴት ናት።

«ይህን አንቺ ነሽ? እማ፣ ዱባው እኮ… ዱባ ነው! ቀለሙን አየሽው ማለት ነው! በቃ፣ ዓይንሽ ድኗል።» ሳቀችና እንባዋን ጠረገች። «አሁን ቤታችንንም ነጭ አድርገሽ ታዪልናለሽ፤ ከግድግዳው ጋር ታረቂ በይ።»

ትንሿ ልጅ ሳለች፤ አፏን በእጇ ጀርባ ጠረገች።

አጣቢዋ ዘወር አለችና መምህሩን በዓይኗ ፈለገችው። በሩ አጠገብ ከእንግዶች ጋር ነው። ሄዳ ክንዱን ያዘችው።

«ሥዕሌን ማነው የነካው?»

እሱ ፈገግ አለ፤ እንዲያውም ደስ ያለው ይመስላል። ወደ ጥግ ወሰዳት፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ትንሽ ረዳሁዎት፣ እትዬ። ያለ ነገር ነው፤ የኔም መምህር ሥዕሌ ላይ ብሩሽ ያሳርፍ ነበር። እጅዎ ጥሩ ነው፤ ማንቆርቆሪያዎን አልነካሁትም።»

«ዱባው ምን አደረገህ?»

«ዱባው… አመድ አድርገውት ነበር እኮ። ጥፋት የለብዎትም፤ ዓይንዎ ነው። ልጅዎ ነግራኛለች። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት እንዳይሳቅብዎ ብዬ ነው።»

«ዱባው አመድ ነበር።»

«እትዬ፣ ዱባው ይኸው» አለና በትዕግሥት ወደ ጠረጴዛው አሳያት።

«ይህኛውን አይደለም። ያኛው የት ሄደ?»

«የትኛው?»

ፊቱን ተመለከተችው። አይዋሽም። እሱ ነው የሚያስጠላው፤ አይዋሽም ነበር። ያን ሁሉ ሳምንት እዚያው ክፍል ውስጥ ተቀምጦ አንድ ቀን ዞሮ አላየውም።

«እ… የድሮው? ጽዳቷ ጠዋት ጥላ አዲስ አመጣችልን መሰለኝ» አለ። «ያው ዱባ ነው እኮ፣ እትዬ።»

ክንዱን ለቀቀችው። መዳፏን በቀሚሷ ላይ ጠረገች፤ የጸጉሩ ቅባት የነካት ይመስል።

*

የኋላው በር ወደ አንዲት ጠባብ ግቢ ይወጣል። የቆሻሻው በርሜል ከግድግዳው ጋር ተጠግቶ ቆሟል። ክዳኑን ስታነሳ ዝንቡ እምም ብሎ ተነሳ፤ ሙቀቱ ፊቷን መታት። አጣቢዋ ዕድሜዋን በሙሉ ያለ ጓንት ቆሻሻ ነክታ አታውቅም። በልብስ ማጠቢያው ቤት ጓንት ያለቀ ቀን በላስቲክ ከረጢት እጇን ጠቅልላ ነው የሠራችው፤ ሌሎቹ ሲስቁባት። አሁን ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀመጠች፤ እጅጌዋን ሰበሰበች። ለአፍታ ዓይኗን ልትጨፍን ፈለገች። አልጨፈነችም።

እጇን እስከ ትከሻዋ አስገባች። የረጠበ ወረቀት፣ የሎሚ ልጣጭ፣ ስሙን ልታውቀው ያልፈለገችው ለስላሳ ነገር። ጣቶቿ ዱባውን ሲያገኙ አውራ ጣቷ ልጣጩን በስቶ ገባ፤ የሚዝለገለግ ቀዝቃዛ ውሃ በክንዷ ሥር ወርዶ ብብቷ ደረሰ። «እሰይ፤ ይበለኝ» አለች ለራሷ፣ ለምን እንደሆነ ሳታውቅ፤ ሕፃን እንደሚታቀፍ በሁለት እጇ አቅፋ አወጣችው። ብርሃን ላይ አየችው። እዚያው አለ። አመድማ አረንጓዴ፤ ጠርዙ ላይ የሚጠቁር።

ወደ ውስጥ ስትገባ መጀመሪያ ያያት ሾፌሩ ነው። «ኧረ እትዬ!» አለና ክራቫቱን ይዞ ወደ ኋላ ሸሸ። ከዚያ ሰው ሁሉ እየተገፋፋ መንገድ ለቀቀላት። አንዷ «ወይኔ!» ብላ ፊቷን አዞረች። አጣቢዋ ማንንም አላየችም። ጠረጴዛው ጋ ደርሳ አዲሱን ዱባ በክርኗ ገፋ አድርጋ፣ አሮጌውን በጠመኔው መስመር ውስጥ፣ ሆዱን ወደ ሰው አዙራ አስቀመጠችው። ነጩ ጨርቅ ከሥሩ ቀስ እያለ ቡናማ ውሃ መጠጣት ጀመረ። ጨርቁ አሳዘናት፤ ያ እድፍ እንደማይለቅ ታውቃለች።

«እትዬ፣ ምን እያደረጉ ነው?» መምህሩ ነው፤ ደርሶ አጠገቧ ቆሟል። ዱባውን አየ። ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ አየው። ከዚያ ሸራዋን አየ።

ከብሩሾቹ አጠገብ አንድ ጨርቅ አነሳች፤ አኳራጅ ውስጥ ነክራ፣ ጨምቃ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት፤ ጣቶቹንም በራሷ የቆሸሹ ጣቶች ዘግታ አስያዘችው።

«ያንተ ቀለም ገና እርጥብ ነው» አለችው። «ልጄ እስክትናገር ይዘህ ቁም።»

ልጅዋ ከሰዎቹ ፊት ቆማለች። አንድ እጇ አፍንጫና አፏን ሸፍኗል፤ በሌላው ትንሿን ልጅ ወደ ጭኗ አስጠግታለች። የምታየው ወለሉን ነው።

«እማ፣ ሰው እያየን ነው።»

«ይየን።»

«በሞቴ፣ ጣይው። እንሂድ። ቤት ሄደን እናወራለን።»

«ቤት ስንሄድ ዓይንሽ ነው ትይኛለሽ።»

የልጅዋ ዓይን ለቅጽበት ከወለሉ ተነስቶ ወደ ጠረጴዛው ሄደ፣ ደነገጠ፣ ተመለሰ። አጣቢዋ ያቺን ቅጽበት አየቻት። ልጅዋ የሆነ ቦታ፣ የሆነ ቀን፣ አንሶላ ስትቀይር፣ ከአልጋው ጀርባ አይታዋለች፤ አይታ አልጋውን መልሳ ገፍታዋለች። አሁን አወቀች። ልጅዋ ያላመነችው የእናቷን ዓይን ሳይሆን የራሷን ነበር።

ትንሿ ልጅ ሳለች፤ አሁን ረዘም ያለ ነው፤ ሲያበቃ እጇን አንስታ አፏን ጠረገች።

አጣቢዋ ክንዷ ላይ የሚወርደውን ውሃ አልጠረገችውም። ከጠረጴዛው አንድ እርምጃ ወደ ጎን ሸሸችና ለልጅዋ ቦታ ለቀቀችላት።

«እጅሽን ከአፍንጫሽ ላይ አውርጂ» አለች፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ። «ነይ ቅረቢ። ይህ ምን ዓይነት ቀለም እንደሆነ በራስሽ አፍ ንገሪኝ።»